ሦስተኛው ቤዝ ላይ ያላየሁት

ማክሰኞ

አላየሁም። ሰው ፊት «አየሁ» ብያለሁና እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፍ፤ ሦስተኛው ቤዝ ላይ የሆነውን አላየሁም።

ከሜዳ ተመልሼ የዳኛ ሸሚዜን እንኳ ሳላወልቅ ነው የተቀመጥኩት። ማርታ ከኩሽና ሆና ጨዋታው እንዴት ነበር አለችኝ። «ጥሩ» ብዬ በሩን ዘጋሁ። ልጄ ኳስ በዱላ እየተመታ የሚሮጥበትን ሶፍትቦል ስትጫወት ያደገች ናት፤ አንድ ቃል ካመለጠኝ ሁሉንም ታወጣጣኛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚሁ ሚኒሶታ፣ ኩን ራፒድስ ያለው ሜዳ ላይ ነን፤ የመጨረሻው ዙር። ከሚኒያፖሊስ የመጡት የአሰልጣኝ ኬሊ ልጆች በአንድ ነጥብ ተበልጠዋል። አንድ ሰው ከወጣባቸው ጨዋታው ያልቃል። ካሸነፉ ለፍጻሜው ያልፋሉ። ሂባ የምትባል ልጃቸው ሯጮች በተራ ከሚረግጧቸው ቤዞች ሁለተኛው ላይ ቆማለች። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፤ የሶማሌ ልጅ፤ ሂጃቧን ከሄልሜቷ ሥር አስራ ስትሮጥ ደስ የምትል። እኔ ከእሷ ትንሽ ራቅ ብዬ ቆሜያለሁ። ሌላው ዳኛ ሮን ከሆም ጀርባ ነው። ሆም ማለት ሯጭ ዞራ ስትገባ ነጥብ የሚቆጠርበት ነው። ስምምነታችን የታወቀ ነው፤ ሆም የእሱ፣ የቀሩት ሦስቱ ቤዞች የእኔ።

በዚህ መሃል በአንደኛው ቤዝ በኩል ካለው አጥር ዘንድ ጥቁር ቀሚስና ነጭ ጥምጥም አየሁ። የንስሐ አባቴ፣ አባ ተክሌ። ስኳር ስላለባቸው ሐኪሙ በእግር ይሂዱ ብሏቸው በዚያ ፓርክ እንደሚዞሩ ሰምቻለሁ፤ ጨዋታ ላይ ግን ገጥመውኝ አያውቁም። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ከኪሳቸው መስቀላቸውን አወጡና ከፍ አድርገው አሳዩኝ።

እንግዲህ ሰው ይፍረደኝ። መስቀል ተዘርግቶልኝ «ቆይ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ልበል? ባርኔጣዬን አወለቅሁ፤ ወደ እሳቸው ዞርኩ፤ ጎንበስ አልኩ። የአባ ቡራኬ ደግሞ አጭር አይደለም። ቃሉ ከሩቅ ባይሰማኝም ጨርሰው አሜን ሳልል ቀና ማለት አልለመደብኝም። ኳሷ ስትመታ የሰማሁት አንገቴን እንደደፋሁ ነው።

ዞር ስል ሂባ ሦስተኛውን አልፋለች፤ ግን ሩጫዋ ተበላሽቷል። ወደ ውጭ ወጥታ፣ ተንገዳግዳ፣ እንደገና ፍጥነት እየያዘች ነው። የሦስተኛው ቤዝ ተከላካይ መስመሩ ላይ ቆማ ኳስ የምትይዝበትን ባዶ ጓንቷን ታያለች። ኳሷ ከሂባ ቀድማ ሆም ደረሰች፤ ሮን «አውት!» ብሎ አስወጣት። አለቀ።

ሂባ ከአቧራው ሳትነሳ ዘግታብኛለች፣ መንገዴ ላይ ነበረች እያለች ጮኸች።

ሕጉ ግልጽ ነው። ኳስ ያልያዘች ተከላካይ የሯጭ መንገድ ላይ መቆም አትችልም። ከቆመች ዳኛዋ ግራ እጇን ወደ ጎን ትዘረጋለች። ጨዋታው አይቆምም፤ ሲያበቃ ግን ሯጯ ባትደናቀፍ ኖሮ ትደርስበት የነበረው ቤዝ ይሰጣታል። እጄን ዘርግቼ ቢሆን ሂባ ሆም ይሰጣት ነበር፤ እኩል ይሆኑ ነበር። እጄ ግን ባርኔጣ ይዞ ነበር።

ኬሊ ሳትቆጣ መጥታ ሮንን ጠየቀችው። ሮን ወደኔ መጣ። «ጽጌ፣ ሦስተኛው ላይ ምን አየሽ?»

«ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይቼዋለሁ። ምንም የለም» አልኩ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ።

የሚገርመው «አላየሁም» ብል ኖሮ ውጤቱ አይለወጥም ነበር። ዳኛ ያላየውን መፍረድ አይችልም። ሂባ ያው አውት ነበረች። የምዋረደው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እሱንም ቢሆን ለአንድ ምሽት። ያቺን ትንሽ ሐፍረት ፈርቼ ነው የዋሸሁት።

ኬሊ አልተከራከረችም። አንቺ ካየሽው አለቀ ብላ ሄደች። አምናኝ ሄደች።


ረቡዕ

ሥራ ቦታ፣ አረጋውያን በምንከባከብበት ቤት፣ ልቤ ከእጄ ጋር አልዋለም። ጠዋት ለአንድ ሽማግሌ ካልሲያቸውን አልብሼ ስጨርስ ሁለቱንም አንድ እግር ላይ ነው ያለበስኩት። እሳቸው ሳቁ፤ እኔ አልሳቅሁም።

ሮን ቴክስት ላከ። ትናንት በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ጥሩ ተረጋግተሻል ይላል። አንብቤ ስልኩን በፊቱ ደፋሁት።

ሰበብ ስደረድር ዋልኩ። አባ ባይመጡ ኖሮ። ሮን ኳሷ ከመወርወሯ በፊት ዞር ብሎ ቢያየኝ ኖሮ። ምናልባትም ልጅቷ ራሷ ተደናቅፋ ይሆናል፤ ልጆች ይደናቀፋሉ። ምናልባት በእርግጥ ምንም አልነበረም፤ እኔም ሳላውቀው እውነት ተናግሬ ይሆናል። ይሄኛው ሰበብ ለትንሽ ጊዜ ደስ አሰኘኝ። ከዚያ ያ ባዶ ጓንት ዓይኔ ላይ መጣ።

ወደ ዳኝነት የገባሁት በአጋጣሚ ነው። ማርታ ትንሽ ሳለች አንድ ቀን ዳኛው ቀረና ከወላጆች ማን ይቁም ሲባል ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ። እኔ ቆምኩ። ያን ቀን ምንም አላውቅም ነበር፤ በኋላ ግን የሕጉን መጽሐፍ እንደ ዳዊት ደገምኩት። ሥራ ቦታ «ጽጌ ይሄን አምጪ፣ ጽጌ ያንን አንሺ» ስባል ነው የምውለው። ሜዳ ላይ ግን ሰው ሁሉ ዝም ብሎ የኔን እጅ ይጠብቃል። ወደድኩት፤ ለምን እዋሻለሁ።

ይቺን ቃል ደግሞ ዛሬ እንዴት ደፍሬ እንደጻፍኳት።

መንገድ መዝጋት ላይ በተለይ ምሕረት የለኝም። ብዙ ዳኞች ሁለቱ ልጆች ካልተላተሙ እጃቸውን አያነሱም። እኔ ሯጯ አንድ እርምጃ ብታጥፍ እጄ ይወጣል። ሮን «ትራፊክ ፖሊስ» ይለኛል። ለዚህ ነው ኬሊ ያልተከራከረችኝ፤ ጽጌ ምንም የለም ካለች የለም ማለት ነው። ስሜን ስገነባ ኖሬ ስሜን ለውሸት ምስክር አቆምኩት።

ራት አልበላሁም። ማርታ ጾሙ ነው ወይ አለች። ነው አልኳት። ረቡዕ መሆኑ በጀኝ።


ሐሙስ

ዛሬ የሆነውን ከመጻፍ እጄ ቢቆረጥ ይሻላል። ግን ልጻፈው።

የኬሊ ልጆች ነበሩ። ፍጻሜው ስላመለጣቸው የቀራቸውን ጨዋታ ነው የሚጫወቱት። ከመኪናዬ ስወርድ ለኬሊ ምን ዓይነት ፊት እንደማሳያት እያሰብኩ ነበር። እሷ ግን ፈገግ ብላ፣ ሂባን በትከሻዋ ይዛ፣ በቀጥታ ወደኔ መጣች። ሂባ የምትነግርሽ ነገር አላት አለች።

ልጅቷ መሬት መሬት እያየች የሸመደደችውን አለች። ማክሰኞ ዕለት ዳኛዋ አላየችም ብዬ ስለተናገርኩ ይቅርታ። ዳኛን ማክበር ነበረብኝ። ሰበብ መፍጠር አልነበረብኝም።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። አፌ ግን ከኔ ቀድሞ ሄደ። «ኢትስ ኦኬ፣ ሃኒ» አልኳት። እንደዚያ ብቻም አይደለም፤ ሄልሜቷን መታ መታ አደረግሁላት። እንደ ደግ ሴት።

ሂባ ቀና ብላ አንድ ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ሄደች።

ኬሊ ወደ ኋላ ቀርታ ነገረችኝ። ልጅቷ ማክሰኞ ከጨዋታው በኋላ ዱጋውት ውስጥ፣ ማለት ተጫዋቾቹ የሚቀመጡበት ውስጥ፣ ዳኛዋ አላየችም፣ ዘግታብኛለች እያለች ስታለቅስ ነበር። ኬሊም ዳኛዋ ሁሉንም አይቻለሁ ብላለች፣ እኛ ቡድን ውስጥ ሰበብ የለም ብላ በልጆቹ ሁሉ ፊት ይቅርታ አስጠየቀቻት። ከጓደኞቿም አንዳንዶቹ በአንቺ ነው የወደቅነው፣ ደግሞ ትዋሻለሽ ብለዋታል። ዛሬም የመጀመሪያዎቹን ዙሮች እንድትቀመጥ ተወስኗል። ኬሊ ክፉ ሰው አይደለችም። የኔን ቃል ይዛ ነው።

እኔ ምን አልኩ? «ጥሩ ልጅ ናት» አልኩ።

ጨዋታውን እንዴት እንደዳኘሁት አላውቅም። ሂባ በመጨረሻ ስትገባ ሦስተኛውን ቤዝ የዞረችው ራቅ ብላ ነው፤ ማንም ሳይኖርበት። ልጅ ሆኜ ውሻ የነከሰኝ በር ላይ እኔም እንደዚያ እዞር ነበር።

ማክሰኞ የጠፋው አንድ ነጥብ መስሎኝ ነበር። አሁን አንዲት ልጅ በኔ ምክንያት ውሸታም ተብላ ትዞራለች፤ ውሸታሟ ደግሞ ሄልሜቷን መታ መታ አድርጋ ሸኘቻት።


ዓርብ

ለማርታ ነገርኳት።

ልነግራት አስቤ አይደለም። ልብስ እያጣጠፍን ሳለ ከየት እንደመጣ ሳላውቀው «አባ ተክሌ ጉድ ሠሩኝ» ብዬ ጀመርኩ። ከመስቀሉ ተነስቼ እስከ ትናንቱ ድረስ አወራኋት። ማርታ እንደ ልማዷ የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ በአማርኛ እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ የመስቀሉ ነገር አሳቃት። ሮን አላየሽም ወይ፣ ሰው ሁሉ ምን አለ እያለች ሳቀች። ሂባ ጋ ስደርስ እጇ ላይ የነበረውን ፎጣ አስቀመጠችው።

«ቆይ ማሚ። ልጅቷ አንቺን ይቅርታ ጠየቀችሽ?»

«አሰልጣኟ ናት እኮ ያመጣቻት።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

ነገርኳት። ዝም አለች። ማርታ ስትቆጣ ትጮኻለች፤ ዝም ስትል ነው የምፈራት። አባ ባይመጡ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይሆንም ነበር አልኳት ደግሜ፤ አፌ አርፎ አይቀመጥ።

«አባ ያደረጉት ነገር የለም» አለች። «ጎንበስ ማለትሽም ችግር የለውም። እኔ ብሆን ሚስ አደረግሁት፣ አመለጠኝ እል ነበር። ሰው ሚስ ያደርጋል።»

ከዚያ ፎጣዋን አንስታ ማጣጠፏን ቀጠለች። ትንሽ ቆይታ፣ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ አንድ ዳኛ ያላደረገችውን አደረገች ብሎ እንደፈረደባት፣ እስከዛሬ የሰውየውን ፊት እንደምታስታውሰው ነገረችኝ። እኔ ያን ቀን አጠገቧ ነበርኩ። ጨርሶ አላስታውሰውም።

ከሰዓት አባ ተክሌ ደወሉ። አላነሳሁትም። በሕይወቴ የንስሐ አባቴን ስልክ ሳላነሳ ስቀር የመጀመሪያዬ ነው።


ቅዳሜ

ረጅም ሺፍት። እግሬ አብጧል።

በምሳ ሰዓት የሮንን ቁጥር አወጣሁ፣ መለስኩ፣ አወጣሁ። ብነግረው ምን ይለኛል? ፊት ለፊት ጠይቆኝ ነበር እኮ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የኔው ግን ከአፋፉም አልፎ የሰው ልጅ ላይ ወድቋል።

ነገ ቤተ ክርስቲያን አለ። አሞኛል ብዬ ብቀርስ? ይኸው አንዱ ውሸት ሁለተኛውን ሲጎትት።


እሁድ

ሄድኩ። ከኋላ፣ ከምሰሶው አጠገብ ቆሜ አስቀደስኩ፤ አባ እንዳያዩኝ። ቅዳሴ እንዳለቀ ቶሎ ልውጣ ስል በር ላይ ጠብቀው ያዙኝ።

«ወለተ ማርያም፣ ስልክሽ ተበላሽቷል?»

በክርስትና ስሜ ሲጠሩኝ ንስሐ አለብኝ አባቴ አልኳቸው። ከአዳራሹ ጎን ወዳለችው ትንሽ ክፍል ወሰዱኝ። ወንበር ሰጡኝ፤ እኔ ግን ቆምኩ። ከየት እንደምጀምር ሳስብ እሳቸው ቀደሙኝ።

«የደወልኩት ስለዚያች ልጅ ልጠይቅሽ ነው። ደህና ናት?»

«የትኛዋ ልጅ?»

«ያቺ ስትሮጥ መንገድ የዘጉባት። አንቺን እየባረክሁ በጀርባሽ በኩል አየኋት። ያቺ ረጅሟ ልጅ መሃል መንገድ ላይ ገትራ ቆመችባት። ኳስ ልትይዝ መስሎኝ ነበር፤ ኳሱ ግን ገና ከሩቅ ነበር። ልጅቷ በእሷ ዙሪያ ስትዞር ልትወድቅ ነበር እኮ። እኔ ጨዋታውን አላውቀውም፤ እንደዚያ ይፈቀዳል?»

በዚያ ሜዳ ላይ በደንብ ያየው ሰው አንድ ነው፤ እሱም አንድም ሕግ የማያውቅ ቄስ። ያቺ «ምናልባት ራሷ ተደናቅፋ ይሆናል» የምትለዋ የመጨረሻ ሰበቤ እዚያው ሞተች። እንባዬ መጣ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ «አይቻለሁ» ማለቴን፣ የልጅቷን ይቅርታ መቀበሌን፣ መታ መታ ማድረጌን፣ ስልካቸውን አለማንሳቴን። እሳቸው ላይ ማሳበቤንም አልደበቅሁም።

ስጨርስ ስግደት ያዝዙኛል፣ ጾም ይጨምሩብኛል ብዬ ጠበቅሁ። እንዲያውም ተመኘሁ። መቶም ቢሆን እሰግድ ነበር፤ ጉልበቴ ቢታመምም ልጅቷ ፊት ከመቆም ይቀላል።

«ሥራ ላይ ያለን ሰው መስቀል አውጥቶ መጥራት የኔ ጥፋት ነው። እሱን ለኔ ተይው» አሉ። «ይሄን ግን እኔ ጋ ልትጥይው አትችይም። የልጅ ስም ነው ያጎደፍሽው። እኔ ጋ ያመጣሽውን ይዘሽ እሷ ጋ ሂጂ፤ ከዚያ ስትመለሺ ስለ ቀኖናው እንነጋገራለን።»

እስላም ናት አባቴ አልኩ፤ ለምን እንዳልኩት እስካሁን አልገባኝም። ምናልባት ለማምለጥ።

«ታዲያ የእስላም ልጅ ስም አይጎድፍም?» አሉና ቀና ብለው አዩኝ። ይሄንንም ንስሐዬ ላይ ልጨምረው ይገባል።

ልወጣ ስል አብሬሽ ልምጣ ወይ አሉኝ፤ ከልባቸው ነው። ኧረ አባቴ፣ እርስዎ ይቅሩብኝ አልኳቸው። ሁለታችንም ሳቅን። ከማክሰኞ ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ መሆኑ ነው።


ሰኞ

ለሮን ደወልኩ። ጡረታ የወጣ የሂሳብ አስተማሪ ነው፤ ለሁላችንም ጨዋታ የሚያድለውም እሱ ነው። በእንግሊዝኛ ስናገር ስደነግጥ ቃል ይጠፋኛል፤ ስለዚህ የምለውን አስቀድሜ ለራሴ ደጋግሜዋለሁ። ሦስተኛውን አላየሁም። ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር። ስትጠይቀኝ ዋሸሁ።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሄሎ አልኩ።

አለሁ አለኝ። ማንም ዳኛ ያመልጠዋል፤ እኔን ራሴን ስንት ጊዜ አምልጦኛል፤ «አላየሁም» ብትዪኝ ቢራ ልጋብዝሽ እችል ነበር አለ። ግን ፊት ለፊት ጠየቅሁሽ፤ የነገርሽኝንም ይዤ ለኬሊ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። ሮን ሲቆጣ ድምፁ ዝቅ ይላል፤ የሚኒሶታ ሰው ቁጣ እንደዚያ ነው። መጮህ የሚችል አበሻ ቢሆንልኝ ብዬ ተመኘሁ።

ለምን ጀርባ እንደሰጠሁ ጠየቀኝ። ቄሴ መጥተው ነው አልኩት። አልገባውም፤ እኔም አላስረዳሁትም።

ነገ ከኬሊ ልጆች ጋር ነን፤ ትመጫለሽ፣ ራስሽ ትነግሪያቸዋለሽ፣ እኔ በአንቺ ፈንታ አልናገርም አለ። ከዚያ በኋላ ስላሉት ጨዋታዎች አስቦ እንደሚነግረኝ ጨመረ። ይገባኛል አልኩ። ስልኩን ስዘጋ ማርታ በር ላይ ቆማ ነበር። ሻይ አስቀመጠችልኝና ሄደች።


ማክሰኞ

ቀደም ብዬ ሄድኩ። ሐሳቤ ሂባን ብቻዋን አግኝቼ ልነግራት፣ ከዚያ ከጨዋታው በኋላ ኬሊን ገለል አድርጌ ላስረዳት ነበር። ነገር ገለል ብሎ ሲነገር ያምራል፤ እኛ ቤት እንደዚያ ነው።

ውኃ ልትቀዳ ስትመጣ ጠበቅኳት። ስታየኝ ቆም አለች። የደጋገምኩት እንግሊዝኛ ሁሉ ጠፋኝና በአጭሩ ወጣ። ያን ቀን አላየሁም። አየሁ ያልኩት ውሸት ነው። አንቺ ልክ ነበርሽ።

«አውቃለሁ» አለች።

እንዴት እንደምታውቅ ጠየቅኳት። ሁለተኛው ቤዝ ላይ አጠገብሽ ነበርኩ እኮ አለች። ባርኔጣሽን አውልቀሽ መሬት ታዪ ነበር፤ የምትጸልዪ መስሎኝ ነበር። ታዲያ ለምን ይቅርታ ጠየቅሽኝ አልኳት። ትከሻዋን ነቀነቀች። ካልጠየቅሽ አትጫወቺም ስላሉኝ።

ሐሙስ ዕለት ቀና ብላ ያየችኝ ለምን እንደነበር ያኔ ገባኝ። እያወቀች ነበር። ሄልሜቷን መታ መታ ሳደርግላት ይቺ ሴት እየዋሸች ነው እያለች በውስጧ ቆማ ነበር።

ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። የውኃ ዕቃዋን ከደነችና ወደ ዱጋውቱ አየች።

«ለእነሱም ትነግሪያቸዋለሽ?» አለች። «ውሸታም የምትለኝ አንቺ አይደለሽም። እነሱ ናቸው።»

ከጨዋታው በኋላ ለአሰልጣኝሽ እነግራታለሁ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ልጅቷ ግን ይቅርታ የጠየቀችው ገለል ብላ አልነበረም፤ በሁሉም ፊት ነው። ተከተልኳት።

ዱጋውቱ ውስጥ ልጆቹ የሱፍ ፍሬ እየፈለፈሉ ልጣጩን ይተፋሉ። ኬሊ የተጫዋቾቹን ቅደም ተከተል ትጽፋለች። ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ባለፈው ማክሰኞ ሦስተኛውን ቤዝ አላየሁም አልኩ። ሂባ የተናገረችው እውነት ነው። ተዘግቶባት ነበር፤ ያየ ሰው ነግሮኛል። አይቻለሁ ያልኩት እኔ ነኝ የዋሸሁት። ሂባ አልዋሸችም።

«አልዋሸችም» የምትለዋን ሁለት ጊዜ አልኩ፤ አነጋገሬ እንዳያደናግራቸው።

የሱፉ ድምፅ ቆመ። አንዲቷ፣ ትንሿ፣ እና አሸንፈናል ማለት ነው አለች። አይደለም አልኳት፤ ተመልሶ አይስተካከልም። ፊቷ ሲወድቅ አየሁ። ሌላዋ እንደማልሰማት ሆና ለጎረቤቷ የሆነ ነገር አለች። ስለኔ ነው። ይበለኝ።

ኬሊ መነጽሯን አወለቀች። ሂባ ፊት በርከክ ብላ በልጆቹ ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቀቻት፤ አጭር፣ ግን ከልብ የሆነ። ሂባ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። አጠገቧ የነበረችው ልጅ የሱፉን ከረጢት ወደ እሷ ገፋ አደረገችላት። ሂባ ወዲያው አልወሰደችም። ስወጣ ግን እጇ ከረጢቱ ውስጥ ነበር።

ሮን ሆም ላይ ቆሞ ሁሉንም አይቷል። ጭንብሉን እያጠለቀ፣ ዛሬን ጨርሺ፣ ከዛሬ በኋላ ያለውን ሳምንት እረፊ፣ ከዚያ እንነጋገራለን አለኝ። በሐምሌ ጨዋታ ይስጠኝ አይስጠኝ አላውቅም። አልጠየቅሁትም።

ከወላጆቹ አንዳንዶቹ ወሬው ደርሷቸው ኖሮ ያዩኛል። ጆሮዬ እስኪግል ተቃጠልኩ። ሐፍረቱ አልቀነሰም፤ እንዲያውም አሁን የአደባባይ ሆኗል። ግን የተለየ ሐፍረት ነው። ያኛው ሆዴ ውስጥ ይብላላ ነበር፤ ይሄኛው ከላይ ነው፤ ፀሐይ ይመታዋል።

በሁለተኛው ዙር ሂባ መታችና እስከ ሁለተኛው ቤዝ ደረሰች። እንደገና አጠገቤ ቆመች። አቧራዋን አራገፈች፤ ሄልሜቷን አስተካከለች። አታየኝም፤ እኔም አላየኋትም። ወርዋሪዋ ልትወረውር ስትዘጋጅ ፊቷን ወደኔ ሳታዞር፣ በቀስታ፣ «እያየሽ ነው?» አለች።

«እያየሁ ነው» አልኳት።

ሮጠች።